ንቅንቅ ያላሉት ሽማግሌ

«የማግኔት ግድግዳ ሰው ይዞ ያስቀራል አሉ» ይላሉ የምንትዋብ እናት፣ ሚስማር ከቀረና ድስቱም ማንኪያውም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ።

ግድግዳውን በዩኒቨርሲቲ የፈለሰፈችው ምንትዋብ ትስቃለች። «ብረት እንጂ ሰው አይዝም፣ እማዬ።»

አባቷ ሊያገባት የፈለገውን የናሆምን ሽማግሌዎች ሁለቴ መልሰዋል። በሦስተኛው ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሻምበል ይርዳው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄን አልሰጥም» አሉ አባት። ሌሎቹ ወደ በሩ ሲያፈገፍጉ ሻምበሉ ንቅንቅ አላሉም።

«ይቀመጡ እንጂ» አሏቸው አባት።

«እሺ ሳይሉ አልቀመጥም» አሉ ሻምበሉ፣ ላብ አጥምቋቸው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። በመጨረሻ አባት ተረቱ፤ «ሽማግሌ እንዲህ ነው! ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።» ሌሎቹ ሻምበሉን በደስታ ጎትተው አቀፏቸው።

በሠርጉ ቀን ሻምበሉ ወደ ሙሽራዋ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዳሌዬ ውስጥ ከጦርነት የቀረ ፍንጣሪ ብረት አለ። ግድግዳሽ ይዞኝ ነው እንጂ፣ አባትሽ ሲቆጡ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ።»