ይማርህ

የልሳነወርቅን የፕሮስቴት ካንሰር ያጠፉት በላብራቶሪ የሠለጠኑ የገዛ ደሙ ሴሎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ጉንፋን እንኳ ነክቶት አያውቅም። እንዲህ የታከመ ሰው ካስነጠሰ ግን ሴሎቹ ደክመዋል፤ ካንሰሩም ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት የደብረ ብርሃን ጉም ቀስ ብሎ ገባ፤ አልጋው ደመና ላይ የተንሳፈፈ መሰለ። ያኔ አስነጠሰ።

ሚስቱ ውድነሽ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ ወረደ።

«አፍሽን ምን ያዘው? ለጠላትም ቢሆን ይማርህ ይባላል!» ብሎ ጮኸባት።

«ካልኩህማ ሰማሁ ማለት ነው።»

«ሳትሰሚ ነው የምታለቅሺው? በይ እንጂ፣ ቃሉ ናፍቆኛል!»

«ይማርህ» አለችው።

ልሳነወርቅ ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን አጣጣመው።

«ያኑርሽ» አላት። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።