ቢጫ ብናኝ

ያሱኪ በውሻው እግር ጣቶች መካከል የተሰገሰገውን፣ የዝግባ ዛፎች በዚህ ወቅት የሚረጩትን ቢጫ ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ ከዚያም እያከከ ያቆሰለውን ሆዱን። የእንስሳት ሐኪሙ “ዝግባ ከሌለበት ካልሄደ ቆዳው አይድንም” ስላለ ከቶኪዮ የመጣው ውሻውን ጎንታን ወደ ቤቱ ሊወስድ ነበር። ከውሻው በቀር አብሮት የሚኖር የሌለው አባቱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ተራራውን የሸፈነውን ዝግባ በወጣትነቱ የተከለው እሱ ነው፣ ለልጄ ሀብት ይሆናል ብሎ።

“ነጎድጓድ ይፈራል፤ ብቻውን አትተዉት” አለ ሽማግሌው።

“እሺ፣ አባባ።”

“ቤታችን ጠባብ ነው ስትል አልነበር?”

“ለውሻ ይበቃል።”

ሽማግሌው አስነጠሰው። በዚህ ወቅት ዓይኑ ሲያለቅስ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሐኪም ያማከረለት ግን የለም። ውሻው መኪና ውስጥ ሲገባ ሽማግሌው ሊደባብሰው ተጠጋ። ያሱኪ ክንዱን ዘርግቶ ከለከለው።

“አይቅረቡ፣ አባባ። ካፖርትዎ ብናኝ ብቻ ነው፤ አሁን ነው ያጸዳሁት።”

ሽማግሌው ካፖርቱን አወለቀ። የሸሚዙም እጅጌ ቢጫ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጆቹን ጎኑ ላይ ሰብስቦ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ጎንበስ አለ። መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስም ቀና አላለም።