እባክዎ ይተዉኝ

«በሩን ቆለፉት» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ያዙኝ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። ስንት ነበሩ?»

«እ?»

«ቆለፉት፣ ያዙኝ አልሽ እኮ። ከመምህሩ ሌላ ማን ነበረ?»

«ማንም አልነበረም። እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሰብሳቢው «አሃ» አለና የጻፈውን ሰረዘ። ልጅቷ ፊቷ ጋለ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ቆለፈው፣ ያዘኝ» እያለች በልቧ ስትለማመድ ነበር የመጣችው። እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ምላሷ እንደለመደው ሄደ። ያስተማራትን ሰው፣ ያንን ሁሉ ካደረጋት በኋላ እንኳ፣ «እሱ» ብላ መጥራት አቃታት።

አክስቷ ከኋላዋ ተቀምጣለች። አንድ ዘመድ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ዘመዱ መናገር ግን አይችልም። ያሳደገቻት ይህችው አክስቷ ናት። የሰፈር ሰው «እሷ እኮ ለድመትም አንቱ ትላለች» እያለ ይቀልድባታል። ልጅቷ ትንሽ ሳለች አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን «አንተ» ብላ የቀመሰችው ቁንጥጫ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል።

ዩኒቨርሲቲው ለእንዲህ ያለ አቤቱታ ያቋቋመው ኮሚቴ ከረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያ ተደርድሯል፤ ሰብሳቢው፣ አንዲት የሕግ መምህርትና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ልጅቷ ከእነሱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እምቢ ማለቷ እንዲጻፍላት። ያ ካልተጻፈ ሰውየው ነገም ቢሮው ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ይዩልኝ ብላ በሩን የምታንኳኳ ደግሞ አትጠፋም።

«ታዲያ አንቺ ምን አልሻቸው?» አለ ሰብሳቢው።

«ይተዉኝ አልኳቸው።»

«በዚሁ ቃል?»

«እባክዎ ይተዉኝ ነው ያልኩት።»

ጸሐፊዋ በኮምፒውተሯ ጻፈችው። ሰብሳቢው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ልጅቷ ስትገባ ወንበር ስቦ ውሃ የቀዳላት እሱ ነው፤ «ልጄ» የሚላትም ከአንጀቱ ነው።

«ልጄ፣ መምህሩ በሰጡት መልስ ‹እንደ ወትሮዋ በአክብሮት ነበር የምታነጋግረኝ፣ የከፋት አልመሰለኝም› ይላሉ። መመሪያችን ደግሞ እምቢታው ግልጽ መሆን አለበት ነው የሚለው። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ የደነገጠ ሰው፣ የተቆጣ ሰው፣ እርስዎ ይላል?»

«ይተዉኝ ማለት ተወኝ ማለት ነው እኮ» አለች የሕግ መምህርቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ትርጉሙ መቼ ጠፋኝ! ግን ‹እባክዎ› ልመና ነው። የለመነ ሰው እምቢ አለ ይባላል?»

መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው።

ልጅቷ የምትለው ሞልቶ ተርፏት ነበር። ጮኻ ቢሆን ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ እንደሚሰሙ፣ ሰምተውም የሚያሙት እሷን እንጂ እሱን እንዳልሆነ፣ ውጤቷ በእሱ እጅ እንደነበረ። «እባክዎ» ባለች ቁጥር ክንዷን የያዘው እጅ ይበልጥ እየጠበቀ እንደሄደ። ከየትኛው እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቷ ድንገት።

ሁሉም ወደ እሷ ተመለከቱ። አክስቷ መቀመጫዋ ጫፍ ላይ ሆና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳለች።

«እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኳት። ጌታዬ፣ ልጅቱ እኮ ሌላ አታውቅም! እሳት ቢይዛት እንኳ ‹ያጥፉልኝ› ነው የምትለው!»

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጃቢ አይናገርም» አለ ሰብሳቢው በትሕትና።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ» አለች አክስቷ፤ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች። ልጅቷን ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ይልቅ ይህ አንገበገባት። አክስቷ በሰው ፊት እንዲህ ስትኮሰምን አይታት አታውቅም።

ሰብሳቢው ወደ ሕግ መምህርቷ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። መምህርቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብሎ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደልደል አደረገ፤ ሥራ ሊቀለው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል።

«በይ እንዲህ ይሁን። አማካሪሽን እንቀይርልሻለን። መምህሩም ለወደፊቱ እንዲጠነቀቁ እንነግራቸዋለን። አንቺም ተረጋግተሽ ትማሪያለሽ፣ ትመረቂያለሽ፣ ስምሽም የሰው አፍ ውስጥ አይገባም። ጉዳዩን በዚህ እንዘጋዋለን ማለት ነው። ሰማሽኝ አይደል፣ ልጄ?»

«እሺ» አለች።

ሰምቻለሁ ማለቷ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር የሚባለውን እሺ ነበር ያለችው፤ ከኋላው የሚመጣው «ግን» ገና ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የጸሐፊዋ ጣቶች ቀደሟት።

«ላንብበው?» አለች ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ሳትነቀል። «‹ተማሪዋ በቀረበላት ሐሳብ ተስማምታለች›።»

«ልክ ነው፣ ልጄ?»

ሦስቱም አዩዋት። ከኋላዋ የአክስቷ ትንፋሽ ይሰማታል። ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ያ «ግን» አልወጣ አላት።

ጸሐፊዋ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያም አራት ነጥቡን አስገባች።