ዛፍ የወጣው እጅ

ይሄ በልጃቸው በተሰማ እጅ ላይ የታሰረው ነገር ወሬውን ለማን ነው የሚያደርሰው? እትዬ አልጣሽ ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉት ከርመው መልስ አላገኙለትም። ሰዓት እንዳይሉት ሰዓት አይናገር። አውልቀው ሲሉት ተሰማ ይስቃል። «እርምጃ ነው እኮ የሚቆጥረው፣ እማዬ!»

ዛሬ ሩሀማ፣ የተሰማ ልጅ፣ ስልኳን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ አምባሩ የእጅን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፣ ስልኩ ሰውየው ምን ሲሠራ እንደዋለ ይለያል።

«ወሬው ቢሮ ምናምን አይሄድም?» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«ኧረ እማማ፣ ኔትወርክ እንኳን አይፈልግም። ትንሽዬ ፕሮግራም ናት፣ እዚችው ስልኬ ላይ ሥራዋን ትጨርሳለች።»

«ታዲያ ምን አለች?»

ሩሀማ ስልኩን ወደሳቸው አዞረች። እትዬ አልጣሽ መነጽራቸውን አስተካክለው ራሳቸው አነበቡት፦ ዛፍ መውጣት።

«ዛፍ?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ተሰማ አምና ማንኪራ ጫካ የንብ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ወጥቶ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ «ዳግም ከወደቀ አይነሳም» ብሏል። እሱም ሁለተኛ ላይወጣ በማርያም ምሎላቸዋል።

«ከጉድጓድ ውሃ ስቀዳ ነው!» አለ ተሰማ በሩ ሥር እንደቆመ። «ያም ገመድ መሳብ፣ ይሄም ገመድ መሳብ። ተምታቶባት ነው።»

«አላልኩሽም? ፕሮግራምሽ ቀጣፊ ናት!» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ነፍሳቸው መለስ ብሎ።

«ገመዱን ብቻ አይታ አይደለም» አለች ሩሀማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፕሮግራሟ የተማረችው ከማንኪራ ንብ አናቢዎች እጅ እንቅስቃሴ ነው። አይታ የፈረደችበትን ቦታ ደግሞ ቀይ ትቀባዋለች፤ ይኸው።»

ስልኩ ላይ ያለው መስመር ገመድ እንደሚስብ እጅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀዩ ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እጁ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ለረጅም ጊዜ።

እትዬ አልጣሽ በጣታቸው ተከተሉት። ሟቹ ባላቸውም ንብ አናቢ ነበሩ። ቀፎ አፍ ላይ ጭስ የሚያራግብ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ያውቁታል።

«ተሰማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጉድጓዱንም ታጨሰዋለህ?»

ሩሀማን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ተሰማ እናቱን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ አምባር ባለበት እጁ ወገቡን ደግፎ ወጣ።