ጠለፋ ማለት

የአማርኛ ፈተናዬ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ በስልክ የጠራሁት ታክሲ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ዘልዬ ኋላ ገባሁ። "ጋሼ፣ በናትህ ቶሎ ንዳው! ካረፈድኩ አለቀልኝ!" ሰውየው ደንግጦ ነዳ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አደባባዩ ጋ ስንደርስ ወደ ትምህርት ቤቴ በመታጠፍ ፈንታ ዞሮ ሊመለስ! እኔ ደግሞ መስኮቱን ከፍቼ፣ "ኧረ ተጠለፍኩ!" ብዬ አቀለጥኩት።

ትራፊክ ፖሊሱ ሮጦ መጥቶ አስቆመን። "ለመሆኑ ጠለፋ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳጠና አይደል እንዴ የከረምኩት! "ጠለፋ፣ ጠለፈ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። አንድን ሰው ሳይፈልግ ካለበት ቦታ በግድ ይዞ መሄድ ማለት ነው" ብዬ አንበለበልኩት። "ደግሞ ፈተናዬ ሊያልፈኝ ነው!"

"ልክ እንደሱ ነው ያደረገችኝ!" አለ ሰውየው። "እኔ ባለታክሲ አይደለሁም፣ ዳቦ ልገዛ ነው የወጣሁት!"

ፒጃማ መልበሱን ያየሁት ያኔ ነው።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋና፣ "በል ንዳ፣ ልጅቷ ፈተና አላት" አለው።