የሠላሳ አንዱ ስም

ፕሬዚዳንቱ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ ረቂቅ ሲያገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆመና በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። ገጹ ከሠላሳ ዓመት በፊት የማደሪያቸው ጣሪያ አፈሰሰ ብለው በመጮኻቸው የተባረሩ ሠላሳ አንድ ተማሪዎችን ስም ይዟል።

«እትዬ፣ ይቺን ገጽ አውጥተው ረቂቁን እንደገና ይጻፉልኝ» አላት ጸሐፊዋን። «በምሥረታ በዓላችን ያለፈ ነገር መቆስቆስ ምን ይረባል?»

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አጣጠፈቻቸው።

«አልጽፍም፣ ዶክተር።»

«ሥራዎ እኮ መጻፍ ነው።»

«አውቃለሁ። የሠላሳ አንዱንም የመባረሪያ ደብዳቤ በእነዚህ ጣቶች የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዱ ልጅ ደብዳቤውን ስሰጠው ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎኝ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ያኔ ዝም ብለው ጽፈው አሁን ምን ነካዎት?»

«ያኔ ዝም ብዬ ስለጻፍኩ ነዋ» አለችው።