ትከሻው ላይ ያለው እጅ

የቀብር ቲሸርት ትዕዛዝ ሰው ከመሞቱ በፊት ወደ ማተሚያ ቤታችን መምጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ፎቶው የሚደርሰን ፊቱ ተሸፍኖ ነው። አንድ ባልደረባችን ፎቶው ላይ ያለውን ሰው አውቆት ደውሎ አስጠነቀቀው፤ በማግስቱ የባልደረባችን ልጆች ፎቶ ያለበት ትዕዛዝ መጣ።

የዛሬው ፎቶ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ወንድ ነው።

«ትከሻው ላይ ያለውን እጅ አጥፊው» አሉኝ አለቃዬ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ከኋላዬ ቆመው።

ምስሉን አጎላሁት። የእጁ አውራ ጣት ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። የራሴን አውራ ጣት ከስክሪኑ ጋር አስጠጋሁት። ጠባሳው አንድ ነው።

ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ደምሰው ነው።

«ልጆቹን ይዣቸው እየመጣሁ ነው። ምን ልግዛ?»

«ሳሙና» አልኩና ዘጋሁት።

እጁን ከትከሻው ላይ ቀስ እያልኩ አጠፋሁት።

«የሚስቱ ቲሸርት ልክ አልተሞላም» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «ምን እንበል?»

«ሚዲየም» አልኩ።